የጎንደር ወጣትና ኢንተርኔት፦ ንግግሩ በዛ፣ ተሳትፎውስ የት ደረሰ?

የማራኪው መምህር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ይህን ጉዳይ ያነሣሁትም ዕለት ዕለት ስለሚገጥመኝ ነው። ኢንተርኔት የወጣቱን የፖለቲካ ተሳትፎ ጨምሮታል ወይስ ቀንሶታል የሚለው ክርክር በየመድረኩ ይሰማል፤ ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ ግን የሚያደርስ መልስ የሚገኝለት አይመስለኝም። ተማሪዎቼ በእነሱ ዕድሜ ከነበርነው ከእኛ ይልቅ ስለ ሀገር ጉዳይ ብዙ ይሰማሉ፣ ብዙ ይናገራሉ። በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው የዩቲዩብ ተንታኝ ትናንት ማታ ምን እንዳለ፣ ውጭ ሀገር ያሉ አንቂዎች በምን ጉዳይ እንደሚወዛገቡ ከነዝርዝሩ ይነግሩኛል። እዚያው ክፍል ውስጥ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ የከተማው ምክር ቤት ምን እንደሚያጸድቅና የእነሱን ቀበሌ በምክር ቤቱ ማን እንደወከለ ስጠይቅ ግን እጁን የሚያወጣ አላገኝም።

ይህን የተማሪዎቹ ጥፋት አድርጌ አላየውም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ የመገጭ ግድብም ይደርሳል እየተባለ ዓመታት እየነጎዱ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያደገ ልጅ ስለ ውኃ አያሳስበውም ማለት አይቻልም፤ ጀሪካኑን ተሸክሞ የሚመላለሰው እሱ ራሱ ነው። ነገር ግን ስለ ጀሪካን የተሠራ ቪዲዮ ተመልካች ሲያጣ፣ ስለ ብሔር ጠብ የተሠራው በአንድ ሌሊት ከተማውን እንደሚያዳርስ ልጁ ቶሎ ይገባዋል፤ የሚናገረውንም ከዚያ ተነሥቶ ይመርጣል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ኢንተርኔት ለወጣቱ አንደበት ሰጥቶታል፤ የሚናገረው ነገር ግን መልስ የመስጠት ግዴታ ካለበት መሥሪያ ቤት አይደርስም። ተሳትፎ ብዬ የምቆጥረው አንድ ዜጋ የጠየቀው ጥያቄ ከሚመለከተው አካል ደርሶ፣ መልሱ እሺም ይሁን እምቢ፣ በጽሑፍ ሲገኝ ነው። በዚህ ሚዛን ብንለካው ከአሥር ዓመት በፊት ከነበርንበት ብዙ ፈቀቅ አላልንም። የከተማችን ልጆችም ሆናችሁ ሌሎቻችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።

የአራዳው ጡረተኛ

መምህር፣ ጥሩ ጉዳይ አንሥተዋል፤ በአንዱ ነጥብ ግን አልስማማም። ወጣቱ ከመሥሪያ ቤት የራቀው ስልኩ ስለሳበው ብቻ ነው ማለት ያለፈውን መርሳት ነው። የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ሲነገር ሰምተን አድገናል፤ የሕዝቡን ሆድ ከእረኛ ዘፈንና ከአዝማሪ ቅኔ ይረዱ ነበር። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት እረኛው ምን እንዳለ ሲጠየቅ ሳይሆን እረኛው የሚናገርበት መስመር ሲቆረጥ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በስልክ የጽሑፍ መልእክት መላክ ተከልክሎ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ፤ የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ታሰሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ይከበር ብለው የጻፉ ልጆች በጸረ ሽብር አዋጅ ተከሰው ከአንድ ዓመት በላይ እስር ቤት ከረሙ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የወጣውን ሰልፍ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ፤ ጥሪው በፌስቡክና በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ሰንብቶ ነው ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ የሞላው። ወር ከመንፈቅ ሳይሞላ አዲስ ዓመት ገባ፣ በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰኔ 2011 ተዘጋ፣ ሰኔ 2012 ለሳምንታት ተዘጋ፣ በነሐሴ 2015 ደግሞ በክልላችን ለወራት ተዘጋ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በግንቦት 2008 በማኅበራዊ ሚዲያ ከወጣ በኋላ ለፈተና ተብሎ የተዘጋውን አልቆጠርኩትም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ያደገ ልጅ ምን ተማረ? መስመሩ ነገ ሊቆረጥ እንደሚችል ስለሚያውቅ ዛሬ ጮክ ብሎ፣ ቶሎ ብሎ መናገርን ተማረ። ደብዳቤ ጽፎ፣ ቀጠሮ ጠብቆ፣ መልስ ሲያጣ ይግባኝ ብሎ የሚሄድበት ትዕግሥት በአንድ ጀምበር አይመጣም፤ ትዕግሥቱ የሚበቅለው ነገ ሰላምና መስመር ይኖረኛል ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። ስለዚህ ወጣቱ ለምን ጮኸ ከማለታችን በፊት ቀስ ብሎ የተናገረውን ማን እንደሰማው እንጠይቅ እላለሁ።

የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ

አባታችን የጻፉት ልቤን ነክቶታል። መምህርም ያሉት እውነት ነው፤ እኔ የማክልበት ከራሴ ሰፈር ያየሁትን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከመንደራችን ልጆች ጋር ሆነን ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እንሰበስብ ነበር። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በቴሌግራም ነበር፤ ማን ምን ሰጠ፣ ማን የት ያደርሳል፣ ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚለው ሁሉ እዚያው ተጽፏል። ነሐሴ ላይ ኔትወርኩ ሲጠፋ እርስ በርሳችን የስልክ ቁጥር እንደሌለን ያን ጊዜ ተረዳን። በቅጽል ስም የምናውቃቸው ልጆች ነበሩ፤ ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የሚኖር ልጅ በዚያው ቡድን ውስጥ እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር። አንዳንዶቹ ዋይፋይ የሚሠራበት ሆቴል ፈልገው አንድ ቡና አዝዘው ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የቡና ዋጋ በኪሱ ያለው ነው።

መፍትሔው የተገኘው ካላሰብነው ቦታ ነው። እናቴ የእድራችንን ጸሐፊ ጋሼን እንድጠይቃቸው መከረችኝ። ጋሼ ጠንካራ ሽፋን ያለው አሮጌ መዝገብ አወጡ፤ የእያንዳንዱ አባወራና እማወራ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ስልክ፣ ወርኃዊ መዋጮ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ወር በሰንጠረዥ ሰፍሯል። ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ «ይቺ የእገሌ ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ እሷን ያዢ» እያሉ ስም ሰጡኝ። ደብተሮቹ ለመስከረም ደረሱ። ኔትወርኩ ሲመለስ ቴሌግራሙን አልተውነውም፤ ነገር ግን አሁን በወረቀት የተያዘ የስልክ ዝርዝር አለን፣ ስብሰባ ስንቀመጥም ቃለ ጉባኤ እንጽፋለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ተሳትፎ ስናወራ የሴቶች ነገር ይዘነጋል። በሕዝብ ገጽ ላይ አንዲት ሴት ስለ ከተማው መንገድ አስተያየት ብትሰጥ መልሱ ስለ መንገዱ አይሆንም፤ ስለ መልኳ፣ ስለ ዘሯና ስለ እናቷ ይሆናል። በወንድ ስም ገጽ ከፍተው የሚጽፉ ጓደኞች አሉኝ። በአካል በምናደርገው ስብሰባ እንዲህ ያለ ስድብ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲሆን ያፍራል፣ ተሳዳቢ ቢኖር እንኳ ታላላቆች ይገሥጹታል።

የአዘዞው ጠበቃ

የተማሪዋን ጽሑፍ በአድናቆት አንብቤዋለሁ። በሙያዬ ከማየው ተነሥቼ ሁለት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው የመድረኮቹ አሠራር ነው። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ የሚያሳየን ነገር የሚመረጠው ሰው ምን ያህል እንደሚቆይበት፣ እንደሚያጋራውና እንደሚከራከርበት ተሰልቶ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያቆያል፣ ያጋራል። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ የፌስቡክ ሠራተኛ በመስከረም 2014 በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር ይህ አሠራር የዘር ግጭት እንደሚያባብስ ገልጻ የኢትዮጵያን ስም ጠርታለች። አንድ ወር ሳይሞላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ፣ ፎቶግራፋቸውና ስማቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ፣ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ይህ ክስ ለእኛ ሀገር ወጣት ከብዙ የፖለቲካ ንግግር የበለጠ ትምህርት አለው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ሰው ማስረጃውን ሰብስቦ፣ የሚጠየቀውን አካል ለይቶ፣ ዳኛ ፊት አቁሞታልና።

ከተማችንም ከዚህ መዓት አላመለጠችም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በሙስሊም ወገኖቻችን የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ በሁለት ቀን ውስጥ በወራቤ በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ጥቃት ደረሰ። በዚያ ሰሞን በእጁ የደረሰውን ምስል ሳያጣራ ያጋራ ሁሉ ምን እንዳስተላለፈ ዛሬ ቢመለከተው ይበጃል።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብዙ ወጣቶች ሲፈሩት እንጂ ሲያነቡት አላይም። አዋጁ «ማሰራጨት» የሚለውን ሲተረጉም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን ከትርጉሙ አውጥቷቸዋል፤ ማጋራት ግን የተለየ ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ ጥፋት እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ደንበኞቼ ሊያማክሩኝ የሚመጡት ፖሊስ ከጠራቸው በኋላ ነው፤ ይህን አጭር ሕግ ቀድሞ ማንበብ ብዙ ጭንቀት ያስቀር ነበር። ይህን ስል ሕጉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ቃላቱ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ትችትንም ሊጠልፉ ይችላሉ የሚለው ሥጋት የእኔም ሥጋት ነው።

የደንቢያው ልጅ

ኢንተርኔት ወደ ተግባር አይወስድም የሚባለውን አልቀበልም። የእምቦጭን ዘመቻ ረሳችሁት? የጣናን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ያሳወቀው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ከጎንደርም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከአዲስ አበባም ወጣቶች በአውቶቡስ ተጭነው መጥተው ከእኛ ገበሬዎች ጋር ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል፤ አባቴ ከእነሱ ጋር አብሮ ሲነቅል ውሏል። ይህ የዜግነት ተግባር ካልሆነ ምን ይባላል?

ሆኖም የመምህር ነጥብ የሚገባኝም በዚሁ ነው። እምቦጭ በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን በእጥፍ ያበዛል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከተነቀለው ቁራጭ ቢቀር ከዚያው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ነቅሎ ዳር ላይ የከመረና ፎቶ ተነሥቶ የሄደ ሰው ሥራውን አጋምሶታል። የተነቀለው ክምር የት ይወገድ፣ የተገዙት ማሽኖች ለምን ቆሙ፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ማን ይቆጣጠር የሚሉት ጥያቄዎች የሚነሡት ካሜራው ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚጠይቅ ወጣት አጥተናል። ገበሬው እስከ ዛሬ ብቻውን ይነቅላል።

ከባሕር ማዶ

ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን በአሜሪካ የምኖር ነኝ። ዳያስፖራው ጠብ ይቀሰቅሳል የሚለው ወቀሳ በከፊል እውነት መሆኑን አልክድም፤ በቀጥታ ሥርጭት የሚሰበሰበው ስጦታ ንግግሩ በከረረ ቁጥር እንደሚጨምር እዚህ ሆነን እናያለን። ነገር ግን ሀገር ውስጥ ጋዜጣ ሲዘጋና ጋዜጠኛ ሲታሰር ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ባይኖር ኖሮ ብዙ በደል ሳይነገር ይቀር ነበር። ደግሞም በ8100 አጭር መልእክት ለዓባይ ግድብ ያዋጣውን ሕዝብና በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ግድቡ የተሟገተውን ወጣት በአንድ ላይ ስናይ፣ ስልክ ለሀገር ሥራ ሊውል እንደሚችል ማስረጃው በእጃችን ነው።

የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪ

ወንድሜ፣ ያሉት አይካድም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከውጭ ሆናችሁ በቀጥታ ሥርጭት አስተያየት ስትሰጡ መዘዙ የሚወድቀው እዚህ ባለነው ላይ ነው። እናንተ ስትናገሩ ቢበዛ ገጻችሁ ይዘጋል፤ እኛ የእናንተን ቃል ስናጋራ የምንጠየቀው በስማችንና በአድራሻችን ነው። ስለዚህ ከመናገራችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ብትጠይቁ መልካም ነው። ደግሞም ከአምስት ኢትዮጵያውያን ኢንተርኔት የሚጠቀመው አንዱ ገደማ መሆኑን አንርሳ፤ በስልክ የምንሰማው የሕዝብ ድምፅ የገጠሩን እናትና የደንቢያውን ገበሬ አይጨምርም።

የማራኪው መምህር

የጻፋችሁትን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። የአራዳው አባታችን ያነሡትን በሙሉ እቀበላለሁ፤ በሩ ተዘግቶ ከቆየ አንኳኪው መሰልቸቱ አይቀርም። የእድሩን መዝገብና የደንቢያውን ገበሬ ነገር ሳነብ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለዚህ ሴሚስተር ተማሪዎቼ በቡድን ሆነው የሰፈራቸውን የውኃ ጉዳይ እንዲከታተሉ ላደርግ ነው። ቪዲዮ እንዲሠሩ አልከለክልም፤ ነገር ግን ቪዲዮው ከመለጠፉ በፊት ጥያቄው በጽሑፍ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መግባት አለበት። የአዘዞው ጠበቃ፣ ልጆቹ አብዛኞቹ 18 ዓመት አልሞላቸውም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማቅረብ የሚያስችላቸው ሕግ አለ?

የአዘዞው ጠበቃ

አለ፣ መምህር፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ የሚጠቀምበት ጠፋ እንጂ። ለመምረጥ 18 ዓመት፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅን መብት የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል፤ ክፍሉም በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ይባላል፤ ከዚያም ቀጥሎ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ከልምድ የምመክረው ይህን ነው። «ውኃ ለምን የለም?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ማብራሪያ እንጂ ሰነድ አያስገኝም። «ከሐምሌ 1 ጀምሮ ለእኛ ቀበሌ የወጣው የፈረቃ ሰንጠረዥ ግልባጭ ይሰጠን» በሉ፤ «ለመስመር ጥገና የተያዘው በጀትና እስካሁን ሥራ ላይ የዋለው መጠን ይገለጽልን» በሉ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ስታስገቡ ሁለተኛው ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም እንዲያሳርፉበት ጠይቁ። ያቺን ቅጂ የያዘ ሰው ይግባኝ ሲል መነሻ አለው፤ ያልያዘ ሰው ግን ጥያቄ አላቀረበም ሊባል ይችላል። ረቂቁን ብትልኩልኝ ያለ ክፍያ አይላችኋለሁ።

የደንቢያው ልጅ

ጠበቃ፣ የእምቦጭ ማሽኖቹን ጉዳይ በዚሁ አዋጅ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው?

የአዘዞው ጠበቃ

በሚገባ። በእጁ የያዛቸው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ አስቀድመህ አጣራ፤ ጥያቄው ለተሳሳተ ቢሮ ከገባ ጊዜህን ይበላብሃል። የተገዙበትን ዋጋ፣ የሠሩበትን ሰዓትና የቆሙበትን ምክንያት የሚያሳይ ሰነድ ለየብቻ ዘርዝረህ ጠይቅ።

የማራኪው መምህር

አመሰግናለሁ። የፈረቃውን ረቂቅ ተማሪዎቹ ጽፈው እንደጨረሱ ስማቸውን አውጥቼ እዚህ እለጥፈዋለሁ፤ ስህተት ያየ ያርመው። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጃችን ከገባበት ዕለት ጀምሮ ቆጥረን፣ በ30ኛው ቀን የመጣውን መልስ፣ ካልመጣም አለመምጣቱን፣ በዚሁ ክር አሳውቃለሁ። የቴዎድሮስ ግቢዋ ተማሪ፣ ፈቃድሽ ከሆነ አንድ ቀን ክፍላችን መጥተሽ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደምትይዙ ለልጆቹ ብታሳዪያቸው ደስ ይለኛል፤ ጋሼም መዝገባቸውን ይዘው አብረውሽ ቢመጡ እንዴት መልካም ነበር።